መጀመሪያ ዳዩን ጠይቅ

የአክስቴ ልጅ ኮሎራዶ ከገባ ቆየ። ጥቅምት ሲብት ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አጋዘን ሊያድን ተራራ ይወጣል። ሌላውን ጊዜ ኢላማ ይተኩሳል። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ አምሮት መጣበት። የተኮሰውን ቀለህ ሰብስቦ ራሱ መልሶ መሙላት ፈለገ። «ጋሼ፣ አንተ የቶርኖ ሰው ነህ። ለጀማሪ የትኛው ፕሬስ ይሻላል?» አለና በቴሌግራም የፎቶ መዓት አወረደብኝ። ፕሬስ የሚለው ቀለህ የሚሞላበትን፣ በእጀታ የሚሳብ መጭመቂያ ነው። ቀይ ፕሬስ፣ አረንጓዴ ፕሬስ፣ ሰማያዊ ፕሬስ። እዚያ ቀለሙን አይቶ የማን ሥራ እንደሆነ የማይለይ የለም አሉ።

እኔ ጎንደር ቁጭ ብዬ ብረት የምቆርጥ ሰው ነኝ። ጥይት የመሙላት ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ እዚህ ሕጉም አይፈቅድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ መግባትን ይከለክላል። አሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለራሱ ፍጆታ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም። ፈቃድ የሚያወጣው ሞልቶ የሚሸጥ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእዚያው አገር ጉዳይ ነው። እዚህ ያለኸው አንባቢዬ፣ ለጨዋታ ያህል አንብበው።

ጎንደር ላይ ስለ ጥይት ማውራት እንግዳ ነገር አይደለም። ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ለቅሶ ላይ ይተኮሳል። ፉከራው ያለ ዝናር አይደምቅም። ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ ዕቃ የገዛበት ዘመንም ነበር። ባዶ ቀለህን ግን ከቁም ነገር የሚቆጥር ብዙ አልነበረም። አያቴ ኩሏን የምታኖረው በጨርቅ በተወተፈ ቀለህ ውስጥ ነበር። በእኛ ቤት የቀለህ አገልግሎት ይኸው ነው። አሁን አሁን ደግሞ የተኩስ ድምፅ ከሠርግና ከለቅሶ ውጭም ስለምንሰማ፣ ወሬው ራሱ ያስጠላል። የልጁንም ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ችላ ብዬው ነበር። በኋላ የሳበኝ የብረቱ ሥራ ነው።

ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረር፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው ፕራይመር። ቃታው ሲሳብ መርፌው ፕራይመሯን ይመታል። እሷ ትጭርና ባሩዱን ታቀጣጥላለች። አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱም ፕራይመሯም ያልቃሉ። ቀለሁ ብቻ ይተርፋል። ከአራቱ ብዙ ሥራ የፈሰሰበትም እሱ ነው። ጥሩ ቀለህ 70 ከመቶ መዳብ፣ 30 ከመቶ ዚንክ የሆነ ናስ ነው። ሲተኮስ ይለጠጥና የጠመንጃውን ጉሮሮ፣ ማለት ጥይቱ የሚተኛበትን ቦታ፣ ግድግዳ ይነካል። ከዚያ ትንሽ ይመለሳል። ትንሽ ብቻ። ወደ ቀድሞ ልኩ የሚመልሰው ዳይ የሚባለው ውስጡ ክፍት የብረት ቅርጽ ነው። ፕሬሱ ደግሞ ቀለሁን ዳዩ ውስጥ የሚከት ጉልበት ነው።

ሁሉም ቀለህ ግን መልሶ አይሞላም። እኛ ሰፈር ሰው የሚያውቀው የክላሽ ጥይት አብዛኛው ቀለሁ ብረት ነው። ቂጡን ወደ ውስጥ ብታየው ደግሞ ሁለት ቀዳዳ አለው። በርዳን የሚባለው አሠራር ነው። ያገለገለችውን ፕራይመር በአንድ መርፌ ከውስጥ ገፍተህ ማውጣት አትችልም። ቦክሰር የሚባለው ግን መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። መርፌ በቀጥታ ይገባል፣ ፕራይመሯ ትወድቃለች፣ አለቀ። አስቂኙ ነገር፣ በርዳን አሜሪካዊ ነበር፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ። ሆኖም አሜሪካ የእንግሊዛዊውን ወሰደች፣ አብዛኛው አውሮፓ ደግሞ የአሜሪካዊውን። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሰው ጋራዡ ቁጭ ብሎ ጥይት የሚሞላው ባብዛኛው ለቦክሰር ምስጋና ይግባውና ነው።

ይህ ቦክሰር ለእኛም ባዕድ አይደለም። ኤድዋርድ ቦክሰር በዉልዊች የእንግሊዝ ጦር ጥይት መሥሪያ ኃላፊ ነበር። የስናይደርን ጠመንጃ ጥይት ያወጣው እሱ ነው። የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ የያዘው ያንን ጠመንጃ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ የቴዎድሮስ ሰዎች ከመቅደላ ወደ እሮጌ ሜዳ ሲወርዱ የጠበቃቸው ከኋላ የሚጎርስ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተኮስ ጠመንጃና የቦክሰር ጥይት ነው። የእኛዎቹ በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር የያዙት። የቋራው ካሳ ጋፋት ላይ በፈረንጆቹ እጅ ሴባስቶፖልን ያህል መድፍ አስወለደ። እሮጌ ላይ የቆረጠው ግን በጣት የምትያዝ ነገር ናት። ይህን ለልጁ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ፕሬሱስ?» አለኝ።

እሺ፣ ፕሬሱ።

ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው በአንድ ጊዜ አንድ ዳይ ብቻ የሚይዝ ነው። ሁለተኛው አናቱ ላይ ብዙ ዳይ ተደርድሮ የሚዞር። ሦስተኛው ሁሉንም ሥራ ባንዴ የሚሠራ። እጀታውን አንዴ በሳብክ ቁጥር አንዱ ቀለህ ይስተካከላል፣ አንዱ ባሩድ ይቀበላል፣ አንዱ አረሩን ይለብሳል፣ በዚያ በኩል የተጠናቀቀ ጥይት ይወድቃል። ልጁ ልቡ የሄደው ወደዚህኛው ነው። ቪዲዮው ያጓጓል፣ እውነቱን ለመናገር እኔንም አጓጓኝ። በሰዓት በመቶዎች ይሠራል። ባለ አንድ ዳዩ ግን በሰዓት ሃምሳ ገደማ ቢሠራ ነው።

እኔ ግን ባለ አንድ ዳዩን ግዛ አልኩት። ሥራው ቡና እንደማፍላት ነው። ሁሉም ተቆልቶ ሳያልቅ ወደ ሙቀጫ አይኬድም። መጀመሪያ ቀለሁን ሁሉ ታስተካክላለህ። ከዚያ ዳዩን ትቀይርና ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። እያንዳንዱ ቀለህ ደጋግሞ እጅህ ላይ ያልፋል። የተሰነጠቀው ይታይሃል፣ የጠበቀው በእጀታው ይሰማሃል። ሁሉን ባንዴ በሚሠራው ላይ ግን ዓይን አንድ፣ ጉዳዩ አራት ነው። ባሩድ ያልተቀበለ ቀለህ አለፈ እንበል። ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ መሐል ታስቀረዋለች። ተኳሹ ካላስተዋለ፣ ተከታዩ ጥይት ብረቱን ያፈነዳዋል። ሁለት ጊዜ ባሩድ የተቀበለ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ይፈነዳል። ያን ማሽን የሚሠሩት ሰዎች ጥሩ ማሽን ነው የሚሠሩት። ችግሩ ማሽኑ ምን እያደረገ እንደሆነ ገና ያልገባው ሰው እጅ ሲገባ ነው።

የሚዞረውን ግን አልንቅም። እንዲያውም ሊ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ክላሲክ ተሬት የሚባለው አንድ ብልጠት አለው። አናቱን የሚያዞረው ዘንግ ይወልቃል። ያን ጊዜ ባለ አንድ ዳይ ሆኖ ይሠራል። ለሽጉጥ ጥይት ብቻ የሚሞላ ሰው ቢጠይቀኝ እሱን እለው ነበር።

ስለ ፕሬሱ አካል ሁለት ነገር ብቻ ልበል፣ ምክንያቱም የብረት ሰው ሁሉ የሚያየው ይህን ነው። አንዱ ቅርጹ ነው። እንደ እንግሊዝኛው ሲ ፊቱ ክፍት የሆነ አለ፣ እንደ ኦ ዙሪያው የተዘጋ አለ። ክፍቱ ለእጅ ይመቻል። ግን የጠመንጃ ቀለህ ዳይ ውስጥ ሲገባ የሚጠይቀው ጉልበት ቀላል አይደለም። ጫናው ሲበዛ ክፍቱ በጥቂቱም ቢሆን አፉን ይከፍታል። ቀለሁን ወደ ላይ የሚገፋው ፒስተንና ዳዩ ያን ጊዜ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። የተዘጋው ይህ የለበትም። ሁለተኛው የተሠራበት ነገር ነው። አሉሚኒየም ርካሽና ቀላል ነው፣ ለሽጉጥ ቀለህ ይበቃል። ለጠመንጃ ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ይሻላል። ከፎቶዎቹ ውስጥ አርሲቢኤስ ሮክ ቸከር የሚባለው አረንጓዴው እንደዚህ ያለ ነው። ድርጅቱን በ1943 ፍሬድ ሀንቲንግተን ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው የጀመረው። ሊ ክላሲክ ካስት የሚባለውም እንዲሁ የብረት ነው፣ ዋጋው ደግሞ ይቀላል። በቀለም የሚጣሉትን እዚያው ይጣሉ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ብሰጠው ቅር አይለኝም።

ፕሬስ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም የምልበት ምክንያት ደግሞ አለኝ። የዳዩ ብሎን ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ሰባት ስምንተኛ ኢንች፣ በኢንች 14 ጥርስ። ወደ ሚሊሜትር ሲመለስ ውፍረቱ 22.2 ገደማ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት የተሠራ ዳይ ዛሬ በተገዛ ፕሬስ ላይ ይገባል። የሊ ዳይ በአርሲቢኤስ ፕሬስ፣ የሆርናዲ ዳይ በሊ ፕሬስ። እኛ ጋራዥ ውስጥ የአንዱን መኪና ብሎን ለሌላው ስንሞክር ስንቱን ጥርስ እንደምንበላ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ፀጋ ነው። ፕሬሱን ነገ ብትቀይረው ዳይህ አብሮህ ይሄዳል። ስለዚህ አእምሮህን እዚያ ላይ አውለው አልኩት።

ልጁ የሚያድንበት ጠመንጃ .308 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት ይጎርሳል። ከኔቶው 7.62 በ51 ጋር ወንድማማች ነው። ቀለሁ አንገት አለው፤ ከታች ወፍሮ ትከሻው ላይ ይጠብብና አረሩን ይይዛል። ለእንዲህ ያለ ቀለህ ሁለት ዳይ ይበቃል። አንዱ ቀለሁን ሙሉውን ያስተካክላል፣ በዚያው መርፌው አሮጌዋን ፕራይመር ገፍቶ ያወጣታል። ሁለተኛው አረሩን ያስቀምጣል። ሻጮች ሦስተኛ ጨምረው የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ የሚቆነጥጥ ዳይ ይሰጣሉ። በእጅ ለሚጎረስ የአደን ጠመንጃ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ያ የመጀመሪያው ዳይ ነው ዋናው። አሜሪካ ውስጥ የጠመንጃውንም የጥይቱንም ልክ የሚያወጣ ሳሚ የሚባል ማኅበር ከ1926 ጀምሮ አለ። ዳይ የሚቆረጠው በእሱ ልክ ነው። የእያንዳንዱ ጠመንጃ ጉሮሮ ግን ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ዳዩን ወደ ታች አብዝተህ ካሰርከው የቀለሁን ትከሻ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጠመንጃው ውስጥ ሲተኮስ ቀለሁ እንደገና ይለጠጣል። መልሰህ ትገፋዋለህ፣ ይለጠጣል። ናስ ሲቀጠቀጥ እንደሚደርቅና እንደሚሳሳ ማንም አንጥረኛ ያውቀዋል። ከጊዜ በኋላ ቀለሁ ከቂጡ ከፍ ብሎ ይበጠሳል። ይህ እንዳይሆን፣ ትከሻው ወደ ኋላ የሚሄደው በ0.05 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ እንዲሆን አድርገው ያስራሉ። ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ቶርኖ ላይ ያደግን ሰዎች የዳይ ነገር ሲነሳ ጆሯችን የሚቆመው ለዚህ ነው።

ስለ ካርባይድ ጠየቀኝ። «ውድ ነው ግን ቅባት አይፈልግም ይላሉ፣ ልግዛው?» እኛ ጋ ካርባይድ የቶርኖ መቁረጫ ጫፍ ነው። ጠንካራ፣ የማይጫር። አብዛኛው የሽጉጥ ቀለህ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ የካርባይድ ቀለበት ያለበት ዳይ ያለ ቅባት ያሳልፈዋል። በእርግጥ ገንዘቡን ያወጣል። አንገት ላለው የጠመንጃ ቀለህ ግን ካርባይድ ቢሆንም ቅባት ግድ ነው። ስለዚህ ለ.308 የብረቱን ዳይ ግዛ፣ ቅባቱን ግን አትርሳ አልኩት። ሳይቀባ የገባ ቀለህ ዳይ ውስጥ ይጣበቃል። ሲስቡት ቂጡ ይገነጠላል፣ አካሉ እዚያው ይቀራል። ለማውጣት ደግሞ መብሳት፣ ጥርስ ማውጣት፣ በብሎን መሳብ ነው። ቅባቱ ሲበዛም ደግሞ ቀለሁ ትከሻው ላይ ይጎደጉዳል። መጠነኛ ነው የሚፈለገው።

ሪቮልቨርም አለው፣ .38 ስፔሻል። ብዙ ሰው ጀማሪ በእሱ ይጀምር ይላል። ቀለሁ ቀጥ ያለ ነው፣ ጫናው ዝቅ ያለ ነው፣ የካርባይድ ዳይ ያለ ቅባት ይሠራል። ሦስት ዳይ ይፈልጋል፤ አንዱ አፉን በትንሹ ከፍቶ አረሩ እንዲገባ ያደርጋል። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ቀለሁ ረጅም፣ የሚቀበለው ባሩድ ትንሽ ነው። ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት ሞልቶ አይፈስም፣ ሳይታወቅ ያልፋል። የ.308 ቀለህ ግን በአብዛኛው እስከ ትከሻው ስለሚሞላ፣ ድግሙ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ቀላሉ የቱ ነው ለሚለው መልሴ ከብዙዎቹ ይለያል። ዳዩ የሚቀለው ሪቮልቨሩ ነው። ስህተቱ የሚታየው ጠመንጃው ነው። እኔ ብሆን በጠመንጃው እጀምር ነበር።

የቀረው ዕቃ ብዙ ነው፣ ግን ብዙም ወሬ አይፈልግም። ሚዛን። ካሊፐር፣ ምክንያቱም ቀለሁ እየተለጠጠ ይረዝማል፤ የ.308 ቀለህ ከ51.18 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ ይቆረጣል። የባሩድ አምራቾቹ የሚያትሙት የልክ መጽሐፍ። ከዚያ ውጭ ያለ የጓደኛ ልክ አይታመንም፤ የሚጀመረውም መጽሐፉ ካስቀመጠው ከዝቅተኛው ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ። ፕራይመር እርሳስ ያለበት ውሁድ ስላለው፣ ሥራው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይሆንም። እጅ መታጠብ አለ። ልጁ ሁለት ሕፃናት ስላሉት ይህችን ደጋግሜ ነገርኩት። «እሺ ጋሼ፣ ገባኝ» አለ በመሰልቸት። ይሰልች።

ትንሽ ቆይቶ በቪዲዮ ደወለ። ጎረቤቱ ዕቃውን እያራገፈ ሲሸጥ አሮጌ ሮክ ቸከር አግኝቷል። ቀለሙ ተላጥቷል፣ እጀታው ዝጓል። ዋጋው የአዲሱን ግማሽ አይሆንም። ላይ ላይ ያለው ዝገት ምንም አይደለም አልኩት። ፒስተኑን እስከ ላይ አውጣውና ግራና ቀኝ ነቅንቀው። ነቀነቀው፣ ጥብቅ ነው። በባትሪ የዳዩን መግቢያ ጥርስ አሳየኝ። የተበላ ጥርስ የለም። ፒስተኑ ራሱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ? የለም። ግዛው አልኩት።

አብሮ የነበረውን ዳይ ግን ተወው አልኩት። ፕሬስ ላይ ዝገት ብታየው ታልፈዋለህ። ዳይ ውስጥ ያለ ዝገት በየቀለሁ ላይ ይጽፋል፣ በዓይን ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ አይታይም። አዲስ የ.308 ባለ ሁለት ዳይ አዘዘ። ቀለሁን ከሥር የሚይዘው ቁራጭ ለብቻው የሚሸጥ ስለሆነ እሱንም ጨመረ፤ በአርሲቢኤስ ቁጥር 3 ነው። የሊ ዳይ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይመጣ ነበር።

ዕቃው ሲደርሰው ወዲያው ሊሞክር ነበር። ቆይ አልኩት። አዲስ ዳይ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚታሸገው። ፈታተህ በማጽጃ ታጥበዋለህ፣ በንጹሕ ጨርቅ ታደርቀዋለህ። ከዚያ ነው ፕሬሱ ላይ የሚታሰረው። ሰኞ ከሥራ ሲመለስ አደርገዋለሁ አለኝ።